የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በስህተት የተበላ ግሉተን

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ከሐዋሳ የደረሱን ናቸው። ጸሐፊዎቻቸው ባይተዋወቁም የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ሲሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው ስንዴ ወይም ገብስ ያለበትን ምግብ ሳያውቅ ቢበላ እንዴት ያገግማል? የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር ስለሚያነሣ ሰፊውን ቦታ ሰጥተነዋል፤ የቀሩትን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ 34 ዓመት ሲሆን የምኖረው በታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲያሠቃየኝ የነበረው የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስና የክብደት መቀነስ በሲሊያክ ምክንያት መሆኑ ከሁለት ዓመት በፊት በደም ምርመራና በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ በሚደረግ የአንጀት ምርመራ) ተረጋግጦ ስንዴና ገብስ ፈጽሞ እንዳልቀምስ ተነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ የምመገበው ራሴ አበጥሬ የማስፈጨውን ጤፍ፣ ቆጮ፣ ሩዝ፣ ድንችና ዓሣ ነው፤ ጤንነቴም ተመልሶልኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቻችንን ይዘን ሐይቁ ዳር ምሳ በላን። ዓሣ ምን ይለዋል ብዬ ጥብሱንም ሾርባውንም ተመገብኩ። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ያቅለሸልሸኝ ጀመር፤ ማታውን ደጋግሞ አስመለሰኝ፤ ከዚያም ሦስት ቀን ሙሉ በተቅማጥና በቁርጠት ተሠቃየሁ። ባለቤቴ ተመልሶ ሲጠይቅ ዓሣው ዘይት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፉርኖ ዱቄት እንደሚነካ፣ ሾርባውም በዚሁ ዱቄት እንደሚወፍር ነገሩት። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ተቅማጡ ቢቆምም ሰውነቴ ዝሏል፤ የጀመርኩትን ወሬ እስከምረሳ ድረስ ሐሳቤ ይበተናል። አማቴ ፌጦ በሎሚ ጠጥቼ ሆዴን እንዳጥብ ይመክሩኛል፤ እኅቴ ሜትሮኒዳዞል ገዝታልኛለች፤ ጎረቤቴ ደግሞ የከሰል እንክብል መርዝ ይመጥጣል ትላለች። ግሉተኑ ከሰውነቴ የሚወጣው መቼ ነው? የሚያወጣውስ መድኃኒት አለ? የሁለት ዓመት ጥንቃቄዬ በአንድ ምሳ ፈርሶ ይሆን? እንደገና ኢንዶስኮፒ መታየት ይኖርብኛል?

መልስ፦ ምሕረቱን ያምጣልዎ። ከጥያቄዎችዎ መካከል ቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ሁለተኛው ነው፤ መልሱን በሚጠብቁበት ጊዜ ፌጦውንም ሜትሮኒዳዞሉንም ሊጀምሩ ይችላሉና። ግሉተንን ከሰውነት ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት በሐኪም ቤትም ሆነ በባህል መድኃኒት የለም። ይህን ስንል ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ የሚያስፈልግዎት ሌላ ዓይነት እንክብካቤ በመሆኑ ነው።

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የውጭ እህል ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ዓይነት ነው። የጤነኛ ሰው ጨጓራና አንጀት እንኳ ሙሉ በሙሉ አይፈጩትም፤ አንዳንድ ቁርጥራጮቹ እንዳሉ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳሉ። የሲሊያክ ሕመምተኛ በሽታ የመከላከል ሥርዓት እነዚህን ቁርጥራጮች እንደ ጠላት መዝግቦ ስለያዛቸው፣ ጠላታቸውን የሚያስታውሱ ነጭ የደም ሕዋሳት ግሉተኑ በደረሰ በሰዓታት ውስጥ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃሉ። ማቅለሽለሹንና ማስመለሱን የሚያመጣው በአብዛኛው ይህ የደም ውስጥ ግርግር ነው። እርስዎ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላዎ መታመም የጀመሩት፣ ሌሎችም ብዙዎች በዚያው በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ ሕመማቸው የሚጠናባቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሆድ የሚታጠበው ምልክቱ ከታየ በኋላ እስከሆነ ድረስ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ግሉተኑ ሥራውን ጨርሷል፤ የቀረው የአንጀቱ ቁስለት ነው። ፌጦው ደግሞ የቆሰለውን አንጀት ይበልጥ ያቃጥላል፤ ተቅማጥ ካስከተለም ያለፈውን የፈሳሽ እጥረት መልሶ ያመጣብዎታል። አማትዎ የመከሩዎት በፍቅር መሆኑን አንጠራጠርም፤ ፌጦውን ግን ለሌላ ቀን ያቆዩላቸው።

መጠኑን በሚመለከት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በውስጡም ከግማሽ ግራም የሚበልጥ ግሉተን ይኖራል። አብዛኞቹ የሲሊያክ ሕሙማን ያለጉዳት ይችሉታል ተብሎ የሚገመተው የቀን መጠን 10 ሚሊግራም አካባቢ ሲሆን፣ 50 ሚሊግራም ለሦስት ወራት በየቀኑ ሲወሰድ አንጀትን እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል። አንድ ዓሣ ላይ የሚጣበቀው ዱቄት ከማንኪያው ቢያንስም ከ10 ሚሊግራሙ ብዙ እጥፍ መብለጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ሕመምዎ ምናብ የፈጠረው አይደለም። የዘይቱ ሙቀትም ግሉተንን አያጠፋውም። እንዲያውም ዱቄት ያልነካው ዓሣ እንኳ ዱቄት የነካው በተጠበሰበት ዘይት ከተጠበሰ ለእርስዎ አይሆንም፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

እርስዎ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልፈዋቸዋል፤ ለሌሎች አንባቢያንና ለሚቀጥለው አደጋ ሲባል ግን በእነዚያ ቀናት ምን እንደሚደረግ እናንሣ፤ አደጋው አንድ ቀን መድረሱ አይቀርምና። የመጀመሪያው ቀን ሥራ የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። ኦአርኤስ በሚል ስም በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥቅሉ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን በጥብጦ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት፣ ካስመለሰ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ በዝግታ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። ጥቅሉ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ይቻላል፤ ጨው ሲበዛ ጎጂ ስለሆነ በግምት አይጨመር። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ይደፋ። ለስላሳ መጠጥ ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጡን ሊያባብስ ይችላል፤ ባዶ ውኃም ብቻውን ከሰውነት የወጣውን ጨው አይተካም።

ማስመለሱ ጋብ ሲል ምግብ ይጀመራል፤ እዚህ ላይ ሐዋሳ መኖርዎ ዕድለኛ ያደርግዎታል። ከእንሰት የሚገኘው ቡላ በባሕርዩ ግሉተን የለበትም፤ ቀጠን ተደርጎ፣ ቅቤ ሳይበዛበት የሚሠራ የቡላ ገንፎ ለቆሰለ አንጀት ከሚስማሙ ምግቦች አንዱ ነው። ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ እንቁላል፣ ዱቄት ያልገባበት የዶሮ ሾርባም እንደዚሁ ነው። በርበሬው፣ ቡናውና ቅባት የበዛበት ምግብ ለጥቂት ቀናት ይቆይ። ላክቴዝ የሚባለው ወተትን የሚፈጭ ኢንዛይም የሚመረተው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ በቆሙት ጣት መሰል እጥፋቶች ጫፍ ላይ ስለሆነና ቀድሞ የሚጎዳውም ይኸው ጫፍ ስለሆነ፣ ከአደጋው በኋላ ለአንድና ለሁለት ሳምንት ወተት ሆድ ሊነፋ ይችላል። እርጎ የተሻለ ይስማማል፤ ወተቱ አንጀቱ ሲያገግም ይመለሳል።

አሁን ከሁሉ አስበልጠን የምናስጠነቅቅዎት ነገር ላይ ደርሰናል፤ እሱም የበሽተኛ ምግብ ነው። በሀገራችን ሰው ሲታመም ዘመድ የሚያፈላው አጥሚት ሲሆን የሚያመጣለትም በሶ፣ ቅንጬ ወይም የገብስ ገንፎ ነው። በሶው ገብስ ነው፤ ቅንጬው ስንዴ ወይም ገብስ ሊሆን ይችላል፤ አጥሚቱም ብዙ ጊዜ ከአጃ ወይም ከገብስ ይሠራል። በዚህ ምክንያት በቅዳሜው ዓሣ የታመመ ሰው እሑድና ሰኞ ከአልጋው ሳይወርድ በሚወዱት ሰዎች እጅ ግሉተን ሲጎርስ ይሰነብትና ሕመሙ ለምን እንደረዘመበት ግራ ይገባዋል። አጃ የሚለው ቃል ራሱ ወጥመድ አለበት፤ በአንዳንድ አካባቢ አጃ የሚባለው ጥንታዊ የስንዴ ዝርያ ሲሆን በሌላው ደግሞ በጣሳና በከረጢት ታሽጎ የሚሸጠው የፈረስ አጃ ነው። የመጀመሪያው ስንዴ ስለሆነ ፈጽሞ አይነካም። ሁለተኛው በራሱ የስንዴ ግሉተን ባይኖረውም በማሳና በፋብሪካ ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚደባለቅ ከግሉተን ነፃ ተብሎ ካልተረጋገጠ በስተቀር አይታመንም፤ በተለይ በማገገሚያ ሰሞን ባይሞክሩት እንመርጣለን። ስለዚህ ጠያቂ ሲመጣ አላፍርም ብለው «አጥሚት ከሆነ የቡላ ወይም የሩዝ ይሁንልኝ» ይበሉ። በዚያ ሳምንት ያለፈው ድካም እንዳይረዝም የሚያደርግ ሌላ የተሻለ ምክር የለንም።

ስለ መድኃኒቶቹ ስንመለስ፣ ሜትሮኒዳዞል ጃርዲያን፣ አሜባንና አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይገድላል እንጂ ግሉተን በቀሰቀሰው ቁጣ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። ሰገራ ተመርምሮ ጃርዲያ ወይም አሜባ ከተገኘ ይወሰዳል፤ ካልተገኘ ማቅለሽለሽ ጨምሮልዎ ይቀራል። የከሰል እንክብሉ ግሉተንን እንደሚይዝ ማስረጃ የለም፤ ይልቁንም ሌሎች መድኃኒቶችን ይዞ ያስቀራል። ግሉተን ይፈጫሉ ተብለው የሚሸጡ የኢንዛይም እንክብሎችም የተበላን ግሉተን ጉዳት እንደሚያስቀሩ አልተረጋገጠም፤ ኪስ ውስጥ መኖራቸው ሰውን ማዘናጋቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለራስ ምታትና ለቁርጠት ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተቆጣውን የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ ይጎዳሉ። ተቅማጥ የሚያቆሙ እንክብሎች ትኩሳት ወይም ደም ካለ አይወሰዱም። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ከሆነም፣ እንክብሉን በዋጡ በሦስት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰዎት አልሠራም ብለው ሌላ ይውሰዱ፤ ተቅማጡ ከአንድ ቀን በላይ ከቀጠለ ተጨማሪ መከላከያ ይጠቀሙ።

ወደ ዋናው ስጋትዎ ስንመጣ፣ የሁለት ዓመት ጥንቃቄዎ አልፈረሰም። የትንሹ አንጀት የውስጥ ሽፋን ሕዋሳት በየሦስትና በየአምስት ቀኑ የሚታደሱ ናቸው፤ አንድ ጊዜ የደረሰ አደጋ ጊዜያዊ ቁጣ ቢያስከትልም ተጨማሪ ግሉተን እስካልገባ ድረስ ሽፋኑ ራሱን ይጠግናል። አንጀትን ቀስ በቀስ የሚያራቁተው ሳይታወቅ በየቀኑ የሚገባው ጥቂት ነው። በእርስዎ ጉዳይ ማስመለሱ በመጀመሪያው ቀን፣ ተቅማጡ በሦስተኛው መቆሙ የተለመደ አካሄድ ነው። ድካሙና የሐሳብ መበተኑ ከሆድ ሕመሙ ዘግይተው የሚለቁ ስለሆነ እስከ ሁለት ሳምንት ቢቆዩ አይደንግጡ። እንቅልፍ አይቀንሱ፤ ከተቻለ በእነዚህ ቀናት ከባድ ሥራ ያስተላልፉ። ሁለት ሳምንት አልፎ ካልተሻለዎ ግን ሁሉንም በቅዳሜው ዓሣ ላይ መላከክ ትክክል አይሆንም፤ ጃርዲያ አለመኖሩ በሰገራ ምርመራ ይታይ፣ ቤት ውስጥም የቀጠለ ግሉተን እንዳለ ይፈተሽ። ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የጠጡትን ሁሉ ማስመለስ፣ ሽንት መጥፋት፣ ሲነሡ ማጥወልወል ወይም አንድ ቦታ ላይ የቆመ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ካለ ቀን ሳይቆጠር በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ይኬዳል። በሲሊያክ ላይ የስኳር ሕመም ደርቦ ያለበትና ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ማስመለስ እንደጀመረው መሄድ አለበት። ከንፈር ማበጥና የትንፋሽ ማጠር ከታየ ደግሞ ጉዳዩ ሲሊያክ ሳይሆን አለርጂ ሊሆን ስለሚችል አንድ ደቂቃም አይጠበቅም።

ኢንዶስኮፒው አሁን አያስፈልግዎትም። ለክትትል የሚደረገው የፀረ እንግዳ አካል የደም ምርመራም ቢሆን የወራትን አመጋገብ የሚያሳይ እንጂ የአንድ ምሳን ጉዳት የሚለካ አይደለም፤ ዛሬ ቢመረመሩ ውጤቱ ጤናማ መሆኑ ዓሣው አልጎዳዎትም ማለት አይሆንም። መደበኛ የክትትል ቀጠሮዎ ሲደርስ ከሄሞግሎቢንዎ ጋር አብሮ ይታይልዎ።

ቀሪው ጉልበትዎ የሚውለው ግሉተኑ የገባበትን ቀዳዳ በማግኘት ላይ ይሁን። የቅዳሜው ቀዳዳ ታውቋል፤ የታወቀው ግን ባለቤትዎ «ዱቄት ይነካዋል ወይ?» ብሎ ስለጠየቀ ነው። በምግብ ቤት «ግሉተን አለው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ትርፉ «የለውም» የሚል መልስ ነው፤ አስተናጋጁ ቃሉን ሰምቶት ላያውቅ ይችላልና። ፉርኖ ዱቄት ገብቶበታል ወይ፣ ዘይቱ ሳምቡሳ ተጠብሶበታል ወይ፣ ሾርባው በምን ወፈረ ብለው በምግቡ ስም ይጠይቁ። ዓሣውን በወጥ ወይም ለብቻው በንጹሕ መጥበሻ ሲሠራልዎ ይሻላል። እንጀራ ከውጭ ሲገዛ ከጤፍ ሌላ ማሽላና ሩዝ፣ አንዳንዴም ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ሊቀላቀልበት ይችላል። ጤፉ ራሱ ንጹሕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥናትም የሲሊያክ ሕሙማንን የመከላከያ ሕዋሳት እንደማይቀሰቅስ አሳይቷል። የሚያሰጋው ወፍጮ ቤቱ ነው። ከእርስዎ ፊት የነበረው ሰው ስንዴ አስፈጭቶ ከሆነ ድንጋዩና ወንፊቱ ላይ የቀረው ዱቄት ወደ እርስዎ ጤፍ ይገባል፤ አበጥሮ መውሰድ ብቻውን ከዚህ አያድንም። ከሌላ ሰው ጤፍ ቀጥለው ቢያስፈጩ፣ መጀመሪያ የሚወጣውንም አንድ ሁለት ኪሎ ስንዴ ለሚበላው ቤተሰብ ቢለዩ ስጋቱ ይቀንሳል። ሽሮውና በርበሬውም በዚያው ወፍጮ እንደሚያልፉ አይዘንጉ። ድፎ ዳቦና ቂጣ የሚጋገርበት ምጣድም ከእንጀራዎ ምጣድ ይለይ። ከመጠጥ ጠላና ቢራ የገብስ ብቅል አለባቸው፤ ቦርዴም ብቅል ስለሚገባበት ይቅርብዎ።

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሰው ስሆን ሥራዬ ሹፍርና ነው። ዳቦ ወይም ፓስታ በበላሁ ቁጥር ሆዴ ስለሚነፋ ከሦስት ወር ወዲህ በራሴ ውሳኔ ስንዴ ትቻለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሰርግ ላይ ሳላስተውል በልቼ ሁለት ቀን ታመምኩ። ሲሊያክ አለብኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ብቻ ግን አይታወቅም። ስንዴ ውስጥ ካለው ግሉተን ሌላ በሆድ ውስጥ ተብላልቶ አየር የሚፈጥር የስኳር ዓይነትም ስላለ፣ ሲሊያክ የሌለባቸው ብዙ ሰዎች በዳቦ ይነፋሉ። ጃርዲያም ተመሳሳይ መልክ አለው። ችግሩ አሁን ቢመረመሩ ስንዴ ካቆሙ ወራት ስላለፉ የደም ምርመራውም ኢንዶስኮፒውም ሕመሙ እያለ የለም ሊሉ መቻላቸው ነው። ሐኪምዎ ምርመራው ይገባዎታል ካሉ እንደገና ለስድስትና ለስምንት ሳምንት በየቀኑ ቁራሽ ሁለት ቁራሽ ዳቦ እንዲበሉ ሊያዝዙዎት ይችላሉ። ደስ የሚል ትእዛዝ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ሆኖም ዕድሜ ልክ የሚጠበቅ አመጋገብ በግምት ሲጀመር ለአንድ ሰሞን ይጠበቅና ይረሳል፤ ምርመራ ሳይደረግ ሌላ ሕመም ተደብቆ ሊቀርም ይችላል። ከዚህ በኋላ ስንዴ ሳያውቁ በልተው ቢታመሙ የሚያደርጉት ከላይ ለመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ከተጻፈው አይለይም።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄ ሲሊያክ አለባት። ትምህርት ቤት የጓደኛዋን ልደት ሲያከብሩ ኬክና ብስኩት በልታ ኖሯል፤ ማታ ስታስመልስ ምን በላሽ ብላት አልበላሁም ብላ ደበቀችኝ። በጣም ተናድጄ ቀጣኋት። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ወደ ትምህርት ቤትስ መቼ ትመለስ?

መልስ፦ ቅጣቱ ይቅር፤ ምክንያታችንም የሕክምና ነው። የሚቀጡ ልጆች ይደብቃሉ፤ የተደበቀ አደጋ ደግሞ ሐኪሙን ሌላ በሽታ እንዲፈልግ ያደርገዋል፤ ልጅቷም ያለ ጉዳይ መርፌና እንክብል ትቀምሳለች። በሚቀጥለው ጊዜ «የነገርሽኝ ጊዜ አልቆጣም» የሚለው ቃልዎ ከብዙ መድኃኒት ይልቅ ይጠቅማታል፤ ቃሉንም ይጠብቁ።

በዕድሜዋ ላለች ልጅ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ ከ100 እስከ 200 ሚሊሊትር ኦአርኤስ ይሰጣታል፤ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ማለት ነው። ካስመለሳት አሥር ደቂቃ ቆይተው በማንኪያ በማንኪያ ይቀጥሉ። ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ፈጥነው ይደርቃሉ፤ ዓይኗ ከጎደጎደ፣ እያለቀሰች እንባ ካልወጣት፣ ወይም ፈዝዛ መጠጣት ካቃታት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሕመሙ ወደ ሌላ ልጅ አይተላለፍምና መብላትና መጠጣት እንደቻለች ትምህርቷን ትቀጥል። ለመምህሯ ልጅቷ የማትበላቸውን ምግቦች በየስማቸው የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ይስጡ፤ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ኬክ፣ ሳምቡሳ፣ ፓስታ፣ በሶ እያሉ ይጻፉ። በልደት ቀን ባዶ እጇን እንዳትቀመጥም ለእርሷ የሚሆን ጣፋጭ በመምህሯ ዘንድ አስቀድመው ያስቀምጡ። እድገቷ የሚታወቀው በሚዛንና በቁመት መለኪያ ስለሆነ በየክትትሉ ይመዝገብላት፤ አንድ የልደት ኬክ ዕድገት አያቆምም፤ በየሳምንቱ ከሆነ ግን ያቆማል።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ የሚታወሰን ዊለም ካረል ዲከ የተባለው የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። በሲሊያክ የሚሠቃዩ ሕፃናትን የሚጎዳቸው ስንዴ እንደሆነ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት ሀገሩ ውስጥ ዳቦ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሲጎሳቆል የእርሱ ትንንሽ ሕሙማን ግን ይሻላቸው ጀመር፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ግኝቱንም እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ አስረዳ። ዳቦው ሲቀር ሰውነት ራሱ መጠገን እንደሚጀምር ያኔም የታየው በልጆች ላይ ነበር፤ የልጅዎም አንጀት እንዲሁ ነው፤ ፋታ ካገኘ ይድናል።

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት እናት ስሆን ካለፈው ዓመት ወዲህ የሲሊያክ ሕመምተኛ ነሽ ተብያለሁ። ሌላውን ሁሉ ትቻለሁ፤ ቅዱስ ቁርባን በተቀበልኩ ማግስት ግን ሁለት ቀን ያመኛል። ይህንም እንደ አደጋ ልቁጠረው?

መልስ፦ እናታችን፣ ሥርዓቱን የሚወስኑት አባቶች ናቸው፤ እኛ የምንናገረው ስለ መጠን ብቻ ነው። 30 ግራም የሚመዝን ቁራሽ ዳቦ ሁለት ግራም ተኩል ገደማ ግሉተን ስለሚኖረው፣ 10 ሚሊግራም ማለት የዚያ ቁራሽ 250ኛ እጅ፣ በዓይን የምትታይ አንዲት ፍርፋሪ ናት። በየጊዜው የሚቀበሉት መጠን ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ፣ የሚያምዎትም ከሁለት ቀን በላይ ከሆነ ወይም የክትትል ምርመራዎ ካልተስተካከለ ጉዳዩን በዝምታ አይያዙት። ሐኪምዎ ሕመሙን በአማርኛ በግልጽ የጻፉበትን ማስረጃ ይዘው የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ መጠኑን ስለማሳነስም ሆነ ስለሌላው ሁሉ የሚፈቅዱትን የሚነግሩዎት እርሳቸው ናቸው። በተቀበሉ ማግስት ግን በቂ ፈሳሽ ይጠጡ፣ የጾም ወቅትም ከሆነ ስለ ጾሙ አብረው ይጠይቋቸው። ከቅዳሴ በኋላ የሚታደለው ጸበል ጻድቅ፣ በማኅበርና በዝክር የሚቀርበው ዳቦና ጠላ ግን ከቁርባኑ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ሕመምዎን ለሚያውቁ ሰዎች አንድ ጊዜ ነግረው ቆሎም ከሆነ ገብስና ስንዴ የሌለበት፣ የሽምብራ ወይም የሱፍ ብቻ እንዲሆንልዎ ያድርጉ።